አራት ነጥብ የተባለችው ድመት

እታለም፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ጉልበትሽ እንዴት ውሎ ይሆን? ባለፈው «ደህና ነው» ብለሽ በሚቀጥለው መስመር ደረጃ መውጣት እንደተውሽ ጽፈሻል። አንባቢ ሁለቱንም መስመር እንደሚያነብ አትርሺ። ልጅሽስ ሰላም ናት? አማችሽስ፣ አሁንም ዜና ከፍቶ ያንኮራፋል? ሁላችሁንም በያላችሁበት ደህና ያድርጋችሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም አንቺ ከምትገምቺው በላይ ደህና ነኝ፤ እንዳትደነግጪ ቀስ እያልኩ እነግርሻለሁ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ግን «መርዙ መጣ ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽበት አጠያየቅ የድመት ወዳጅ አጠያየቅ አይደለም። ጥፋቱ የኔው ነው። የግቢያችንን ድመቶች በመርዝ የፈጁ ዕለት ዕቃዬን ጠቅልዬ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ ብዬ ቃል የገባሁልሽ እኔ ነኝ። አንቺም ቃሌን ይዘሽ ወደ አትክልቱ የሚያየውን ክፍል ቀለም አስቀባሽ፣ መጋረጃ ሰቀልሽ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ የመርዙን ወሬ መጠበቅ ጀመርሽ። አልፈርድብሽም። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የኔ ብቻዬን መሆን እንቅልፍ እንደነሳሽ አውቃለሁ። እንግዲህ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ።

ሕንፃችንን ታውቂዋለሽ፤ ከተበላሸ የቆየውን አሳንሰር፣ በየደረጃው የሚጠፋውን መብራት፣ ሁሉንም ለማማረር ጊዜ አግኝተሽ ነበር። ጓሮውን ግን ያየሽው አይመስለኝም። የውሃ ታንከር አለ፤ ከታንከሩ አጠገብ ማንም የማይጠቀምበት የድሮ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ በሁለቱ መካከል ድመት አለ። ሥጋ ሻጩ ምድር ቤት ሱቁን ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ድመቱ ድመት ጠራ። አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁና ስም ላወጣላቸው ብል ከሥርዓተ ነጥብ ሌላ የመጣልኝ ነገር የለም። የሁሉም እናት አራት ነጥብ ናት። ነጭ ናት፤ ጀርባዋ ላይ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ሁለት በሁለት ተደርድረዋል፣ አታሚ ሆን ብሎ ያሳረፋቸው ይመስላሉ። ስሟ ማብቂያ ይሁን እንጂ እሷ ማብቃት የሚባል ነገር አታውቅም። ነጠላ ሰረዝን ወለደች፣ ድርብ ሰረዝን ወለደች፣ ጭራው የተቆለመመውን ጥያቄ ምልክትን ወለደች። እነሱም በተራቸው ወለዱ። እኔ ምልክት አለቀብኝ፤ እነሱ ግን ገና መጀመራቸው ነበር።

ስብሰባ የተጠራው ያኔ ነው። ጩኸቱ፣ ሽታው፣ ጣሪያ ላይ የሚደረገው ድብድብ፣ ሁሉም ተነሳ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢያችን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። የውሃ መጥፋትን እንኳ በአንቀጽ ከፋፍለው ነው የሚያስታውቁን። ሥጋ ሻጩ ተነሳና «ምን ያጨቃጭቀናል? ትንሽ መርዝ በሥጋ ለውሰን እንገላገል፤ ሥጋውን እኔ እችላለሁ» አለ። ሕዝቡም አጉረመረመና እጁን አወጣ፤ ተቆጠረ፣ በዛ።

እኔም እጄን አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁ እስካሁን አልገባኝም፤ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ስለ እንስሳት ጤና የተጻፈ መጽሐፍ አርሜ ነበር፤ ካረምኳቸው ሁሉ ይዘቱ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። «ድመቶቹን ይዞ፣ አምክኖ፣ መልሶ የመልቀቅ አሠራር አለ» አልኩ። ሥጋ ሻጩ «ይዞ መልቀቅ? ምነው፣ ሌባ ናቸው እንዴ?» አለና ቤቱን አሳቀው። ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቄ አስረዳሁ። ብንገድላቸው ባዶውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጡ ይይዙታል፣ ያው እንደገና መውለድ ነው። የመከኑት ግን ቦታቸውን ሳያስነኩ፣ ሳይጮኹ፣ ሳይደባደቡ እዚያው ያረጃሉ። «እንደኛው» አለች ከሁለተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤት። ሥጋ ሻጩ «ወንዶቹንም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ወንዶቹንም» ስለው እግሩን አጣመረ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አድርገው ውሳኔ ሰጡ። «የመርዙ ውሳኔ ጸንቷል። አፈጻጸሙ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ታግዷል። በዚያ ቀን ያልመከነች አንዲት ሴት ድመት እንኳ በጓሮው ከተገኘች እግዱ ይነሳል።» ይኸው ነው እታለም፤ የኔ ወደ አንቺ መምጣትና አለመምጣት በአንዲት ድመት ማህፀን ላይ ተንጠለጠለ።

ሐኪም አፈላልጌ አገኘሁ። ወጣት ናት፤ ሳምንቱን በደመወዝ ላም ታክማለች፣ በዕረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር እየዞረች በነፃ ድመት ታመክናለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ሌላው ሰው ኳስ ያያል» አለችኝ። የልብስ ማጠቢያውን ክፍል አይታ ወደደችው፤ ውሃ አለው፣ መስኮት አለው፣ የድንጋይ ጠረጴዛው ይፈገፈጋል። የሽቦ ወጥመዶቿን አወረደችልኝ። ድመቷ ምግብ ሸትቷት ስትገባ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፤ ተደንዝዛ ከተሠራላት በኋላ፣ ዳግመኛ እንዳትያዝ ማወቂያ እንዲሆን፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ይቆረጣል። «አንድ ነገር ብቻ አደራ» አለች ሐኪሟ፤ «ከዋዜማው ጀምሮ ማንም እንዳያበላቸው። ያልራበው ድመት ወጥመድ አይገባም።»

ማስታወቂያ ጻፍኩና ደረጃው ሥር ለጠፍኩ። በሕይወቴ ካየሁት ጽሑፍ ሁሉ ስህተት ያልነበረበት እሱ ብቻ ነው፤ የታዘዘለት ሰው ግን አልነበረም።

በነጋታው ጠዋት ወጥመዶቹ ባዶ ነበሩ። ድመቶቹ ዙሪያቸውን ተቀምጠው፣ ውስጥ ያለውን ሰርዲን፣ ጠግቦ የመጣ እንግዳ የቀረበለትን ምግብ እንደሚያይ አድርገው ያያሉ። የገባው ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፤ እሱም የገባው ሊተኛ ነው። ሐኪሟ ሆዱን ዳበሰችውና ቀና ብላ አየችን። «ይህ ድመት እስከ አንገቱ ጠግቧል። እንዲህ ሆኖ ባደነዝዘው ያስመልሰውና ትንፋሹን ይዘጋዋል። ማነው የሚያበላቸው?» አለች። ጎረቤቱ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። «ድመት? እኛ?» አለ ሥጋ ሻጩ፤ «ሲያልፉ እንኳ አላያቸውም።» ሐኪሟ ዕቃዋን ሰበሰበች። ከወሩ መጨረሻ በፊት አንድ የዕረፍት ቀን ብቻ ቀርቷት ነበር።

በሳምንቱ መሐል አንድ ቀን ማለዳ ታንከሩ ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁ። መጀመሪያ የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤት በገመድ የታሰረ ጣሳ ከሰገነቷ አወረደች፤ እጇ የለመደ እጅ ነበር። ቀጥሎ ጥበቃው ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ለራሱ አስቀረ። ከዚያ ሥጋ ሻጩ የኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከገዛ ሱቁ የሚሰርቅ ይመስል ግራ ቀኙን አይቶ፣ አንድ ቁራጭ ጉበት ጣለ። «ብሉ፣ እናንተ የማትረቡ» አላቸው። ሴት ልጁን እንኳ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲያናግር ሰምቼው አላውቅም። ይህን ሁሉ ሳይ እኔ ራሴ ወተት በእጄ ይዤ ነበር። ለጥያቄ ምልክት ነው። ወጥመድ ውስጥ ገብቶ የወጣ እንስሳ ልቡ ይደነግጣል ብዬ ነው።

ሰዎቹን ሰበሰብኩና ከወተቴ ጀመርኩ። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ሥጋ ሻጩ «እኔ እንኳ የሰጠሁት ጉበት አይደለም፤ ቁርጥራጭ ነው» አለ። ጉበት ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በዚህ ተጀምሮ ሁሉም ተናዘዘ። እያንዳንዱ «የኔ አንድ ጉርሻ ምን ታመጣለች» ብሎ ኖሯል፤ በመርዙ ላይ እጃቸውን ያወጡት ሁሉ ማለዳ ማለዳ በዚያው እጃቸው ያበሉ ነበር። አንድ ቀን እንዲጨክኑ ለመንኳቸው። ቃል ገቡ፤ ስላልተማመኑ ደግሞ እርስ በርሳቸው ሊጠባበቁ ተስማሙ። ዳኛዋ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ አዳምጠው፣ ስብሰባው በሰላም መጠናቀቁን ተናግረው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ።

በመጨረሻው ቀን ወጥመዶቹ ሞሉ። ብታይው ደስ ይልሽ ነበር። ሐኪሟና ጓደኞቿ ጠረጴዛውን በመድኃኒት አጥበው፣ ድመቶቹን በየሳጥናቸው አንሶላ አልብሰው ደረደሯቸው፤ ጨለማው ያረጋጋቸዋል። አንዱ ያደነዝዛል፣ አንዷ ሆዳቸውን ትላጫለች፣ ሐኪሟ ትሠራለች፣ እኔና ሁለተኛ ፎቋ ጎረቤቴ እስኪነቁ በፎጣ ጠቅለን እናሞቃቸዋለን። ሥጋ ሻጩ መብራት ልያዝ ብሎ ገባ፤ የጥያቄ ምልክት ተራ ሲደርስ ፊቱ አመድ መሰለና «አየር ልውሰድ» ብሎ ወጣ። ዕድሜውን በቢላ የኖረ ሰው እስከ ማታ ግቢው በር ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አልቆ አንድ ሳጥን ባዶ ነበር። የአራት ነጥብ። የመጨረሻ ልጆቿን ከጡት አስጥላለች፤ ወንዶቹ ከጎረቤት ግቢ ሳይቀር በዙሪያዋ መዞር ጀምረዋል። ሐኪሟ «ዛሬ ካልሆነ በሚቀጥለው ስመጣ አርግዛ ነው የማገኛት» አለችና መሣሪያዎቿን ማጠብ ጀመረች። እኔ ወጥመዱ አጠገብ ተንበርክኬ አንድ ጡረተኛ በአደባባይ ሊያወጣው የማይገባ ድምፅ እያወጣሁ ጠራኋት። አጥሩ ላይ ሆና አየችኝ። ከዚያ ወረደች፣ አጠገቤ አለፈች፣ በዋናው በር ገባችና ደረጃውን እንደማንኛውም ነዋሪ መሐል መሐሉን ይዛ ወጣች። ተከተልኳት። ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ አንድ በር ቧጨረች።

ዳኛዋ በነጠላ ጫማ፣ በእጃቸው ሰሐን ይዘው ከፈቱ። «ምነው ዛሬ ጠፋሽ?» አሏት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሰሐኑን ወደ ላይ አነሱት እንጂ አልደበቁትም።

«መርዙን የወሰኑት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «የወሰነው ስብሰባው ነው» አሉኝ። «ድምፁ በዛ፣ እኔ ጻፍኩ። ሰዎቹ የፈለጉት በማግስቱ እንዲፈጸም ነበር። እግድ ጠይቀው ነበር? አልጠየቁም። እርስዎም አልጠየቁም። የሰጠሁት እኔ ነኝ።» እውነታቸውን ነው፤ እኔ ጊዜ ስጡኝ ማለትን እንኳ ረስቼ ነበር። «ታዲያ ለምን እንዲህ ደጃፍዎ እየመጣች አላመጧትም?» ብላቸው ዓይናቸውን ወደ ድመቷ አወረዱ። «የሌላ ሰው እጅ አይነካትም። ወደዚህ በር የምትመጣው እኔን አምና ነው። ይህን እምነት ይዤ ሄጄ ቢላ ሥር ላስተኛት?»

ይህን ሁሉ ሲናገሩ ሰሐኑ ከራሳቸው በላይ ነበር፤ አራት ነጥብ እግራቸው ሥር ትሽከረከራለች።

አንድ የረባ ነገር ብናገር ደስ ባለኝ። ያልኩት ግን «መርዙም የሚቀርብላት በሰሐን ነው» ነው። «ትቀየምዎታለች፤ እሱ አይቀርም» አልኩ። «ግን ለመቀየም በሕይወት መኖር አለባት።»

ሰሐኑን ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጡ። ከትናንት ጀምሮ እንዳልቀመሰች፣ ጠዋትም ግርግሩን ፈርታ እንዳልመጣች ነገሩኝ። ከበሩ ጀርባ ጥቁሩን የዳኝነት ካባቸውን አወረዱ፤ ድመቷ የምትተኛበት እሱ መሆኑ ከፀጉሩ ያስታውቃል። ተንበርክከው ጠሯት። የጠሯት አራት ነጥብ ብለው አይደለም፤ ሌላ ስም አላት፣ እንዳልናገር አደራ ተብያለሁና አልነግርሽም። መጣች። በካባው አቀፏት፤ ሦስቱን ፎቅ ወረድን። ሁለተኛው ላይ ነገሩ ገብቷት እጃቸውን ቧጨረች። አልለቀቋትም።

ሐኪሟ ስትሠራ እኔና ዳኛዋ ውጪ የማጠቢያ ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። መሐረቤን ሰጠኋቸው፤ እጃቸው ይደማ ነበር። «እርስዎ ባይኖሩ...» ብዬ ስጀምር «ቆሻሻ ውሃ ባልዲ አጠገብ ተቀምጠን እርስዎ አትበለኝ» አሉ። «ፍርድ ቤት አይደለንም። አንቺ በለኝ።» እኔም እሺ አልኩ። ዳኛ ያዘዘውን ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ ብዙ ተጫወትን። ስለ ሚስቴ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስታዳምጥ እንደሌላው ሰው አንገቷን አትነቀንቅም፣ ዝም ብላ ትሰማለች። ብዙ ሰው ያዳመጠች ሴት መሆኗ ያስታውቃል።

በሩ ተከፈተና ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። «አለቀ፤ ደህና ናት» አለች። «ቁስሏ እስኪደርቅ ቤት ውስጥ ትቆይ። በየቀኑ ቁስሉን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።» ዳኛዋ ያለ መነጽር ጥቃቅን ነገር እንደማይታያት ተናገረች። መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። «እኔ አራሚ ነኝ» አልኩ፤ «ጥቃቅን ነገር አያመልጠኝም።» ሐኪሟ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየችና «ይሁን እንግዲህ» አለች።

የኮሚቴው ውሳኔ በማግስቱ ተነበበ፤ መርዙ ተሽሯል። ሥጋ ሻጩ አጨበጨበ፣ ከመጀመሪያውም ሲቃወም እንደነበረ ለሁሉም አስረዳ። አራት ነጥብ ግን ተቀየመች። አልጋ ሥር ገብታ ጀርባዋን ሰጠች፤ ሰሐኑን የምትነካው ማንም በማያይበት ጊዜ ብቻ ነበር። ዳኛዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ይቅርታ ስትጠይቃት አይቻለሁ፤ ይህንም አደራ አትናገር ብላኛለች፣ አንቺ ግን እህቴ ነሽ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ሳለ ድመቷ ቀስ ብላ ወጣች፣ ካባውን አሸተተች፣ ከዚያ የዳኛዋ እግር ላይ ተኛች። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። እግሯ ደነዘዘ፤ ቢሆንም አልተንቀሳቀሰችም።

ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል። ፀጉር በቅሎበት ቦታውን ለማግኘት እንኳ ያስቸግራል፤ ሐኪሟም ከእንግዲህ ማየት አያስፈልግም ብላለች። እኔ ግን ጥንቃቄ አይከፋም ብዬ ማየቱን አላቋረጥኩም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እወጣለሁ። ደረጃው እንዳሰብኩት ረጅም አይደለም።

እንግዲህ እታለም፣ ቃሌ ቃል ነው፤ መርዙ አልመጣም፣ እኔም አልመጣም። ክፍሉን የስፌት መኪናሽን አስገቢበት፤ ብርሃኑ ለዓይንሽ ጥሩ ነው። ለእኔ ማሰብሽን ግን አታቋርጪ፣ ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ባለፈው ስመጣ ግራጫ ሙሉ ልብሴን ትቼብሽ ሄጃለሁ። ሰው ሲገኝ ላኪልኝ። ለሌላ ነገር አይደለም፤ ቁስል የሚያይ ሰው ደህና ልብስ ሊኖረው ይገባል ብዬ ነው። ኪሱ ውስጥ ሁለት ክራባት ታገኛለሽ። ጥቁሩ እዚያው ይቅር፤ ሰማያዊውን ላኪልኝ።

ጉልበትሽን ፈጣሪ ያበርታልሽ። ቤትሽ ከሳቅ አይጉደል፣ ልጅሽን ክፉ አይንካት፣ አማችሽንም ከነማንኮራፋቱ ያኑርልሽ። አንቺን ደግሞ ለእኔ ብሎ ያቆይልኝ።

ሁልጊዜም የምትጨነቂለት
ታናሽ ወንድምሽ